ከፍራሽ ላይ የሚታይ ፊት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ጠዋት 3 ሰዓት

ሸራው ላይ የቀባሁት ኮላ አልያዘም። ሸራውን እንደገና መቀባት ሊኖርብኝ ነው። የጋራዡን ታፔላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት፤ ቤቷ ለሁለት ሥራ አትበቃም። ደብተሬ፣ ሳምንት ሙሉ የዘጋሁሽ በስንፍና ነው። ሌላ ሰበብ አልፈጥርም።

ትናንት አቶ ተስፉ መጡ። የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ አሁን ደግሞ የኮሚቴ ሰብሳቢ። ሳቢያን ሰፈር ስድስት አልጋ ያለው ቤት ሊከፈት ነው። ሐኪም ቤት «ከእንግዲህ ወደ ቤቱ ውሰዱት» የተባለ በሽተኛ ሕመሙ ቀሎለት፣ ታጥቦ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ የሚያርፍበት ቤት። በሲ/ር አበራሽ ስም ይጠራል። መግቢያው ላይ የሚሰቀል ምስላቸውን በዘይት ቀለም እንድሠራ ፈለጉ። ነጭ ጋዋን፣ አንገታቸው ላይ ሜዳሊያ፣ ፈገግታ። ምረቃው ታኅሣሥ 17፣ የቁልቢ እንግዳ ከተማውን ሳያጨናንቀው።

ሲ/ር አበራሽን የማያውቅ ድሬ ውስጥ የለም። የሆስፒታል ሥራቸውን ትተው፣ አንድ ፌስታል ፋሻና መድኃኒት ይዘው፣ በእግራቸው ቤት ለቤት መዞር የጀመሩት እንዲህ ያለ ሥራ አለ ብሎ ያሰበ ሰው ሳይኖር ነው። መጀመሪያ ይሸሿቸው ነበር። እሳቸው የገቡበት ቤት ሰው ይሞታል እየተባለ ስንት በር ተዘግቶባቸዋል። ቀስ በቀስ በሩ ተከፈተ። የኔም በር ተከፈተ። ስድስት ዓመት ሆነ። ባለቤቴን ውቢትን አራት ወር አስታመሙልኝ።

ስለሱ ዛሬ አልጽፍም።

ሲ/ር አሁን ራሳቸው ታመዋል። መቀመጥ ይደክማቸዋል። ስለዚህ ከፎቶ ሥራው ብለው አቶ ተስፉ የድሮ ጉርድ ፎቷቸውን ሰጡኝ። ደስ አለኝ። ላንቺማ ልዋሽ? በጣም ደስ አለኝ። እሳቸው ፊት መቀመጥ አልፈልግም።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

ቀኑን ሙሉ ሥራ። ፎቶውን በካሬ ከፋፍዬ ወደ ሸራው አሻገርኩት። ግንባር ጨረስኩ። ጋዋኑ በነጭ ላይ ነጭ ስለሆነ አስቸገረኝ፤ ጥቂት ሰማያዊ ጣል አደረግኩበት፣ ተስተካከለ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በሕይወት ያለ ሰው ስዬ አላውቅም። ከታፔላው ሌላ የምሠራው የሟች ምስል ነው። ቤተሰብ ጉርድ ፎቶ ያመጣል፤ ለአርባ፣ ለሙት ዓመት አድርስልን ይላል፤ አደርሳለሁ። ሟች አይነቃነቅም። አፍንጫዬን አሳነስከው ብሎ አይጣላም። የባነር ማተሚያ ቤቶች ሥራዬን ሊወስዱት ምንም አልቀራቸውም፣ ግን አንዳንድ ሰው አሁንም በእጅ የተሠራ ይሻለኛል ይላል። እግዜር ይስጠው።

ሜዳሊያው ያምራል። ፊቱ ግን... ፊቱ የማንም ነርስ ፊት ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 11 ሰዓት፣ ጀንበር ሳትጠልቅ

ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

ጠዋት ምስሉን እንዲደርቅ በረንዳ ላይ አወጣሁት፤ ሁልጊዜም እንደማደርገው። ቤት ውስጥ የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ ራስ ያዞራል። ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ቀለም ልገዛ መጋላ ገበያ ሄድኩ። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር ረሳሁ፦ በኔ በረንዳ ላይ ፊቱ የወጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የኖርነው። መንገደኛው ወደ በረንዳዬ ያያል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ያልፋል።

አንዷ አየች፣ ደረቷን መታች። ስትመታ ሌላዋ አየች። ሲ/ር በሚኖሩበት በሳቢያን ላለው እድር ስልክ ተደወለ። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

ስመለስ በሬ ላይ ፈቲሃ ቆማለች። ፈቲሃ የመጋላ ልጅ ናት፤ ሲ/ር አባቷን እስከ መጨረሻው አስታመውላት፣ ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ተከትላ ቀረች። አሁን የሥራው ቀኝ እጅ ናት። ከሩቅ ስታየኝ ጮኸች። «አቦ ሙሌ! ሴትዮዋን እኮ በቁሟ ገደልካት! ወላሂ ድንኳን በጋሪ ተጭኖ እየሄደ ነው!»

በባጃጅ ወደ ሲ/ር ቤት በረርን። ግቢው ሞልቷል። ክርስቲያኖቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የሱማሌ ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ ወንዶቹ በአጥሩ ጥግ። ከዋሂል ገጠር ድረስ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ሽማግሌም አሉ። ምን ብዬ እንደምናገር ሳላውቅ በሩ ተከፈተና ሲ/ር አበራሽ ራሳቸው ወጡ። ስስ ድሪያ ቀሚስ ለብሰው፣ ግድግዳውን ተደግፈው። እንዴት እንደከሱ! አንዷ ጮኸች። አንዱ ራሱን ያዘ። ከዋሂል የመጡት ሽማግሌ ብቻ ረጋ ብለው ቀረቡና በኦሮምኛ «ጅርቱ?» አሉ፤ አሉ ወይ ማለታቸው ነው። ሲ/ር «ጅራ» አሉ፤ አለሁ።

ያን ጊዜ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የሚያለቅሰውም እየሳቀ ነው።

ከመጣችሁ አይቀር ተቀመጡ አሉ ሲ/ር። ለለቅሶው የመጣውን ንፍሮ አስመጥተው ጭብጥ ሙሉ በሉ፤ የራሱን ለቅሶ ንፍሮ የበላ ሰው ካለ ይምጣ አሉ። እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ የአማቷን ጉልበት፣ የልጁን ትምህርት ጠየቁ። ሁሉንም ያስታውሳሉ። እኔ ከድንኳን ጫኞቹ ኋላ ተደብቄያለሁ።

አዩኝ። ጠሩኝ። ቀረብኩ።

አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህንን አሉኝ፣ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «አየህ ሙሌ፣ ለሞተ ሰው የሚመጣ ሞልቷል። ሳይሞት አጠገቡ የሚቀመጥ ነው የጠፋው።» ከዚያ ፎቶውን ተወውና ሐሙስ መጥተህ በሕይወት እያለሁ ሳለኝ አሉ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ለቅሷቸው ላይ ቆሜ እምቢ ልበል?


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተቀመጡልኝ፣ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጎን። ስድስት ንድፍ፣ ስድስቱም ተቀደደ።

ሰው ሲስሉት እንዲህ ይነቃነቃል እንዴ? ያስላሉ፤ ይስቃሉ፤ ስልክ ያነሳሉ፤ መድኃኒታቸው ሰዓቱ ሲደርስ ፊታቸው ይቀየራል። ደግሞ ያዩኛል። እኔን የሚያይ ፊት ስዬ አላውቅም። ከእርሳሴ ቀና ባልኩ ቁጥር የሚያስቡት ያን ቀን ይመስለኛል።

እሺ፣ ልጻፈው። ስድስት ዓመት ሙሉ ላንቺም አልነገርኩሽም። ውቢት ባረፈችበት ቀን መጋላ መሰላል ላይ ነበርኩ፣ የሐልዋ ጣፋጭ መሸጫ ቤት ታፔላ ስጽፍ። ጠዋት ስወጣ ትንፋሿ ተለውጦ ነበር። አውቄያለሁ። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ ፈቲሃ መጥታ ከታች ጠራችኝ፤ ሲስተር ቶሎ ና ብላሃለች አለችኝ። ይቺን ፊደል ልጨርስ አልኳት። እሷን ጨረስኩ። ቀጥሎ ያለችውንም ጨረስኩ። ከዚያ ለፊደሎቹ ጥላ ሠራሁላቸው፤ ጥላ እንኳ ያልታዘዘ ነበር። ስደርስ አፏ ታስሮ ነበር።

ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬም አልሆነም። አንገታቸውን አሳጠርኩት። ሲ/ር ንድፉን አይተው ጡረታ የወጣች ዳይሬክተር አስመሰልከኝ አሉ። ፈቲሃ ከኋላዬ በሳቅ ትንፋሿ ተቆረጠ። ከዚች ልጅ ጋር ሥራ አይሠራም።

ስወጣ ሲ/ር ማክሰኞ ወንበሩን አናወጣም አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። 8 ሰዓት

ከሳቢያን አሁን መመለሴ ነው። 

ስገባ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። ሲ/ር አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል። ተኛ አሉኝ። የቀለዱ መሰለኝ። አልቀለዱም። «ያስታመምኩት ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ሆኜ አላየኝም፣ አብዛኛው አልጋም አልነበረው፣ ፍራሽ ላይ ነው የነበረው፣ ልትስለኝ ከሆነ እነሱ ባዩኝበት እየኝ» አሉ።

ጫማዬን አወለቅኩ። ካልሲዬ ቀዳዳ አለው፤ አፈርኩ። ተኛሁ።

መጀመሪያ የሚታየው አገጭ ነው። ከአገጩ ሥር የለዘበው ቆዳ። የአፍንጫ ቀዳዳዎች። ጣሪያው ከራሳቸው ኋላ፣ የቆርቆሮው ዝገት ሁሉ። ከዚያ ዓይናቸው። ወደ ታች ሲያዩ ሽፋሽፍታቸው ግማሹን ይከድነዋል፤ የቀረው ግማሽ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። ሌላ የሚያየው ነገር የለም። አይቸኩልም። ምንም አይጠይቅህም። ወንበር ላይ ሳሉ ያስጨነቀኝ ያ ሁሉ መነቃነቅ ጠፋ። እጃቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩ፣ ሙቀት እንደሚለካ ሰው ሳይሆን ዝም ብለው። ጤነኛ ነኝ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ግን ያን ጊዜ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም።

ውቢት ያየችው ይህን ነው ብዬ አሰብኩ። አለቀስኩ። ተኝተው ሲያለቅሱ እንባው ጆሮ ውስጥ ይገባል።

ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ጠርታኝ ነበር ወይ አልኳቸው።

 አዎ አሉ። ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ እየመጣ ነው ብለዋታል። ለበሽተኛ ዋሽተው አያውቁም፤ ያ ቃል ደግሞ ከአፋቸው ሲወጣ ውሸት አልነበረም፤ ፈቲሃን ልከዋል፣ ይመጣል ብለው አምነዋል። «ውሸት ያደረግከው አንተ ነህ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እጃቸውንም ከግንባሬ አላነሱም።

ተነሥቼ ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ።


ዓርብ፣ ኅዳር 19

አልሄድኩም። ስልክም አላነሳሁም።

ተናድጃለሁ። ምን ነበረበት ተኝታ ነው ያረፈችው ቢሉኝ? ምንም አልጠየቀች ቢሉኝ? ሰው ለሰው እንዲህ ይላል። አገር ምድሩ እንዲህ ይላል። ለአንድ ለተጎዳ ሰው ትንሽ ውሸት ቢዋሹለት ምን ይጎድልባቸዋል?

መጋላ ሄጄ የሐልዋ ቤቱን ታፔላ አየሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። ፀሐይ አደብዝዞታል፣ ግን ፊደሉ ያምራል። በጣም ያምራል። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ባለቤቱ አወቀኝና ግባ አለኝ። አልገባሁም።


እሑድ፣ ኅዳር 21

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለ ሐሳብ ብሩሽ አነሳሁ። ከምሳ በፊት ዓይናቸው ሸራው ላይ ወጣ። ንድፍ የለ፣ ካሬ የለ። ከፍራሹ ላይ ያየሁት ልክ እሱ።

ንዴቱ የት እንደሄደ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፦ ቢዋሹኝ ኖሮ ውቢትን ሁለተኛ አጣት ነበር። ጠርታኛለች። ስሜን ጠርታለች። ያማል፣ ግን የኔ ነው።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

አቶ ተስፉና ሁለት የኮሚቴ አባላት ምስሉን ሊያዩ መጡ። ፈቲሃም አብራ። ገለጥኩት።

 አቶ ተስፉ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ጋዋኑስ? ሜዳሊያውስ? አሉ። «የአፍንጫ ቀዳዳ ለምን ይታያል፣ ሙሉነህ? እንግዳ እኮ ነው የሚያየው!» አንደኛው አባል ቁልቁል የምታየን ንቃን ነው እንዴ አለ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እኔ ሥዕል እንጂ ንግግር አልችልም።

ፈቲሃ ቆማ ስታየው እሷም ፊቷን አኮሳትራ ነበር። ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ቀና ብላ አየችው። አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «አባዬ ያያት እንዲህ ነበር» አለች።  አቶ ተስፉ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ እሳቸውም ዝቅ አሉ። ሲነሡ ስለ አፍንጫው አላነሱም።

ተስማማን። ከጉርድ ፎቶው የሠራሁት፣ ባለ ሜዳሊያው፣ መግቢያው ላይ ለእንግዳ ይሰቀላል። ይኼኛው በሽተኞቹ ክፍል ውስጥ፣ ከፍ ብሎ፣ የተኛ ሰው በሚያይበት። ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ምስሉን በባጃጅ ይዤ ለሲ/ር አሳየሁ። ከኅዳር 16 ወዲህ ገና መገናኘታችን ነው። መነሣት አቁመዋል። በትራስ ደገፍናቸው። አፍንጫዬ ይህን ያክላል እንዴ አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዩት። ስለ ውቢት ምንም አላልንም። ስወጣ ደግሞ ና አሉኝ፤ ሳትስልም ቢሆን ና።

እመጣለሁ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠረጠርኩት።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

አልሄድኩም። የፍሬም ሥራ አለብኝ ብዬ። ፍሬሙ ቅዳሜ ነው ያለቀው።

እያወቅሽኝ ነው፣ ደብተሬ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16። ጠዋት

ፈቲሃ መጣች። አልቀለደችም፣ አቦም አላለችም። ሐኪሙ ለሲ/ር ቀናት ብቻ ነው የቀራቸው ብሏል። ትናንት ትንሽ ውኃ፣ ዛሬ ምንም። ነገ ምረቃው ነው፤ ቤቱን የምትመራው እሷ ስለሆነች ቁልፉን የምትረከበውም እሷ ናት። እቀራለሁ ብትል ሲ/ር አትቀሪም፣ ያ ቤት ሰው ሳይኖረው አይከፈትም ብለዋታል። ጎረቤቱም ወደ ምረቃው ይሄዳል። ማን ይቀመጥ?

ማንንም አልጠቆመችም። እኔን ብቻ አየችኝ።

እኔም ነገ ተጠርቻለሁ። ምስሉን የምገልጠው እኔ ነኝ፣ ካባም ሊያለብሱኝ ነው። የሠላሳ ዓመት ታፔላ ጸሐፊ፣ ካባ! አዲስ ሸሚዝ አሰፍቻለሁ።  ምን እንደሚደረግ አላውቅም አልኳት። ቢያምማቸውስ? ትንፋሻቸው ቢለወጥስ? አስረዳችኝ፦ መድኃኒቱ በየስንት ሰዓቱ፣ ከንፈር በእርጥብ ጥጥ፣ ብዙ አታውራ፣ አትነካካት፣ የቀረው መቀመጥ ብቻ ነው።

መቀመጥ ብቻ።

እኔ እቀመጣለሁ አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም። እኔም ገና አላመንኩም። ለአቶ ተስፉ ደውዬ ነገ አልመጣም አልኩ፤ ተቀየሙኝ። ምስሉን ሌላ ሰው ይገልጠዋል።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሳቢያን

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እዚህ ሲ/ር አጠገብ ነኝ። ብሩሽም እርሳስም አላመጣሁም። አንቺን ብቻ በኪሴ።

ቬንትሌተሩ ይዞራል። ከሩቅ ማይክሮፎን ይሰማል፤ ንግግር፣ ጭብጨባ፣ እንደገና ንግግር። ሰው ሁሉ እዚያ ስለ እሳቸው እያወራ ነው። እዚህ ሁለታችን ብቻ።

ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። አንዴ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁና እጄን ላነሣ ምንም አልቀረኝም። ተመለስኩ። ከንፈራቸውን አረጠብኩ። የ6 ሰዓቱን መድኃኒት ሰጠሁ፤ ግማሹ ፈሰሰ፤ ተሳደብኩ፣ ራሴን። ፊታቸው ተፈታ። ሕመሙ ሲለቃቸው ይታያል፣ መጀመሪያ ከቅንድባቸው።

አሁን ትንፋሻቸው ተለወጠ። አውቀዋለሁ ይህን ትንፋሽ። ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ አንድ። እግሬ ተነሥ ተነሥ ይለኛል። ለፈቲሃ ደውያለሁ፤ በሩጫ እየመጣች ነው። እስከዚያ እኔ ነኝ ያለሁት።

ዓይናቸው ተከፈተ። እያዩኝ ነው፣ ወይም ወደኔ። ስማቸውን ጠራሁ፤ ሙሉነህ ነኝ፣ እዚሁ ነኝ አልኳቸው።

ቀኝ እጄን ያዙ። ይህን የምጽፈው በግራ ነው። አላስለቅቃቸውም። ደብተሬ፣ አንቺ በኋላ ትደርሺያለሽ